የአንጓች ቢጫ ቀሚስ

እግዜር ፍጥረቱን ሲያለብስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሸማ አልሰጠም። አንዳንዱን አፈር አስመስሎ ደበቀው፤ ቆቅን ተመልከቱ፣ እግራችሁ ሥር ተኝታ እስክትረግጧት ድረስ ድንጋይ ናት። አንዳንዱን ደግሞ ገና ከሩቁ «እዩኝ፣ ግን አትንኩኝ» እንዲል አድርጎ አቀለመው። አባ ጨጓሬን አንድ ጊዜ የነካ ልጅ ያንን ቀለም ያለው ጠጉር ሁለተኛ ሲያይ እጁን ኪሱ ይከታል። ጃርትም ብትሆን ጥቁርና ነጭ እሾኋን አንሿሽታ፣ አስጠንቅቃ ነው የምትጣላው። እኔ እነዚህን ጨዋ እንስሳት ናቸው እያልኩ አስተምራለሁ። ክፉ አለብኝ፣ ራቁኝ ብሎ አስቀድሞ የሚናገር ፍጡር ጨዋ ነው፤ ከሰው ወገን ይህን የሚያደርግ ስንቱ እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት።

ጨዋ ባለበት ግን አስመሳይ አይጠፋም። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ለሰው ብቻ የተተረተ አይደለም፤ ለወፍም ይሠራል። አንድ ጊዜ ንብ ልትውጥ ስትል አፏን የተነደፈች ወፍ፣ ቢጫና ጥቁር የተሸነተረ ነገር ባየች ቁጥር ትሸሻለች። በዚህ የወፍ ፍርሃት የምትኖር አንዲት ዝንብ አለች። መርዝ የላት፣ መንደፊያ የላት፣ ማር የላት። ያላት የንብ ቀሚስ ብቻ ነው። እሱን ለብሳ ከአበባ አበባ እንደ ባለሥልጣን ትንጎራደዳለች፤ ወፏም መንገድ ትለቅላታለች።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ጠጉሬ ሸብቷል። እዚህ ምዕራፍ ላይ በደረስኩ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ጎረቤቴ ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ተናካሽ ውሻ አለ» ብሎ አስጽፏል። ግቢው ውስጥ ያለው ግን አንዲት ዶሮና የተሰጣ በርበሬ ነው። ሌባ ደርሶበት እንደማያውቅ አልክድም። አንድ ቀን ታዲያ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ወለቀና «ኧረ የሰው ያለህ» እያለ ሲጮኽ፣ መንደርተኛው በሩ ላይ ተኮልኩሎ «መጀመሪያ ውሻውን እሰረው» እያለ ይመልስለት ነበር። ሰውየው እግሩን ይዞ የሌለ ውሻ ከየት አምጥቶ ይሰር? እኔ ስደርስ በሩን ገፍቼ ገባሁ፤ ጀግና ስለሆንኩ ሳይሆን ዶሮዋን ስለማውቃት ነው።

ይህን ጨዋታ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፣ እነሱም በየዓመቱ ይስቃሉ፣ ትምህርቱም በሳቅ ያልቃል። ዘንድሮ ግን ሰሌዳውን ሳጠፋ፣ በወትሮዋ የማትናገር አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። «መምህር፣ ወፏስ ንብ መስላት ትሽሻት። የራሷ ወንድ ግን በምን ያውቃታል?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። እኔም የሳቅሁ መስዬ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እመልስልሻለሁ አልኳት። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። አንጓች ትዝ ስላለችኝ ነው።

አንጓች የአክስቴ ልጅ ናት። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ትኖራለች። ባሏ ታሞ ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር ወር ሞተባት። ልጅ አልነበራቸውም። የቀራት ቤቷና ከመኪናው መንገድ ዳር ያለው መሬቷ ነበር። ያ መሬት በቆሎና በርበሬ ብቻ ሲበቅልበት ማንም ከጉዳይ አይጥፈውም። ከተማው እየሰፋ እየሰፋ ወደ ወሰኑ ሲጠጋ ግን የአንጓች ውበት በድንገት የሚታያቸው ወንዶች በዙ። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ቆንጆ ናት፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት የጨመረችው መልክ አልነበረም፤ እንዲያውም በሐዘን ከስታ ነበር።

ከፈላጊዎቿ ሁሉ የጸናው አንድ ባለ አይሱዙ የእህል ነጋዴ ነው። ሐዘኗ ሳይበርድ ሽማግሌ መላክ ጀመረ። ለአገሬ ሰው የሽማግሌን ነገር ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል፤ ቢሆንም ልበለው። ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ እምቢ ማለት ደንብ ነው። ሁለተኛ ሲመጣም ያስኬዳል። ሦስተኛ መጥቶ ከደጅ ተቀምጦ ሳልጨርስ አልነሳም ካለ ግን እምቢታው እርግማን ያመጣል። በዚያ ላይ የሽማግሌዎቹ መሪ የሟች ባሏ አጎት ነበሩ። ሁለቴ መጡ፤ ሁለቴም «ሙት ዓመቱ ይውጣ» እያለች መለሰቻቸው። ሙት ዓመቱ ወጣ። እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን፣ ያኔ ግን ሳይቆረጥ አንነሳም ብለው ላኩባት።

አንጓች ዳግመኛ ባል አላገባም ያለች ሴት አልነበረችም። ልቧ ፈንቴ ዘንድ ነበር።

ፈንቴ ንብ አናቢ ነው። እሷ አያ ፈንቴ ትለዋለች፤ እኔ እኩያዬ ነውና ፈንቴ እለዋለሁ። ወገኖቹ ከአገው ምድር የመጡ ናቸው። አማርኛውን ከእኛ ጋር፣ አውኝኛውን ከንቦቹ ጋር ይናገራል፤ ሲቆጣቸውም ሲለማመጣቸውም በአውኝኛ ነው። ከእኛ ይልቅ ከንቦቹ ጋር ብዙ ያወራል ቢባል ሐሜት አይሆንም። ከቀፎዎቹ የሚበዙትን የሚሰቅለው በአንጓች መሬት ወሰን ላይ ካለችው ዋንዛ ነው። ከባሏ ጋር እንዲያ ተስማምተው ነበርና፣ ማር በቆረጠ ቁጥር ድርሻቸውን ያመጣል። ባሏ ከሞተ በኋላም አላጓደለባትም። ማሩን ከደጅ አስቀምጦ ደህንነቷን ጠይቆ ይመለሳል፤ ግባ ብትለው አይገባም። ዓይነ አፋር ነው። አፉ ትንሽ ፈታ ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ እናንተ ይህን ወግ አታነቡም ነበር።

በዚያ በሐዘኗ ዓመት፣ የኑጉ አበባ ሜዳውን ቢጫ ባደረገበት ሰሞን፣ ፈንቴ ከዋንዛዋ ሥር ሆኖ ጠራት። ጥቁሯን እንደለበሰች ሄደች። ከአበባው በላይ አንዲት ነገር በአየር ላይ ቆማለች፤ ሆዷ ቢጫና ጥቁር። ፈንቴ በእጁ ቀለባት። አንጓች ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አትፍሪ፤ ንብ አይደለችም» አላት። «ንብ እንዲህ ባየር ላይ ቆማ አትቀርም። ይቺ የንብ ቀሚስ የለበሰች ዝንብ ናት። እንዳይነኳት ብላ ነው እንጂ ምንም የላት።» ከዚያ መዳፏን አስዘርግቶ አኖረላት። ዝንቧ ጥቂት ኮርኩራት በረረች። ከባሏ ሞት ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ቀን እንደነበር ነግራኛለች።

እንግዲህ የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሲያስጨንቃት መላ ያገኘችው ከዚያች ዝንብ ነው። መነኩሲት የነበሩት የሟች አክስታችን ወይባ፣ ያ መነኮሳት የሚለብሱት ቢጫ ቀሚስ፣ ከነቆቡ በሳጥኗ ተቀምጦ ነበር። በጾሙ እኩሌታ ላይ ጠበል ልጠመቅ ብላ ራቅ ወዳለ ገዳም ሄደች። ስትመለስ ቢጫ ለብሳ፣ ቆብ ደፍታ ነበር። ምንኩስናውን ከማንም አልተቀበለችም። ጸሎት አልተደገመላትም። ቆቡን የደፋችው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ በገዛ እጇ ነው። እንዳትፈርዱባት እንጂ ውሸትም አልተናገረች፤ መነኮስሁ አላለችም። ለብሳ ታየች፤ የቀረው ሰዉ የጨመረው ነው።

በእኛ አገር ሁሉ ነገር ይጠየቃል። ለምን አልወለድሽም ይባላል፣ ለምን ከሳህ ይባላል፣ የመጣህበት መኪና የማን ነው ይባላል። ቆብ ላይ ሲደርስ ግን ምላሳችን ይታሰራል። «ለመሆኑ ማን አመነኮሰሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም፤ የመጠየቅስ ወግ ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ ፍኖተ ሰላም ሆኜ ወሬውን ስሰማ «አይ አንጓች፣ ሐዘኑ ጸናባት» ብዬ አመንኩ። የባዮሎጂ መምህርነቴ ምንም አልፈየደኝም። የባለ አይሱዙው ሽማግሌዎችም አማትበው ተበተኑ። እሱም ግንቦት ሳይወጣ ሌላ መሬት፣ ይቅርታ፣ ሌላ ሚስት አገባ።

የአንጓች ሐሳብ ቀላል ነበር። ሰዉ ሁሉ ንብ ናት ብሎ ይሽሻት። አያ ፈንቴ ግን ዝንቧን በመዳፏ ያኖረላት ሰው ነውና ያውቃል። ነገሩ ሲበርድ እሱ ሽማግሌ ይልካል፤ እሷም ለነፍስ አባቷ ተናዝዛ፣ የሰጧትን ቀኖና ሰግዳ፣ ቆቡን ታወልቃለች። «ታዲያ ለምን አንድ ቃል አልነገርሽውም?» አልኳት በኋላ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ታሪኩን ስታጫውተኝ። «ምነው ወንድምዓለም፣» አለችኝ፣ «ሴት ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ትልካለች?»

ቢጫ መልበስም እንደምታስቡት ቀላል አልነበረም። ያቺ ዝንብ ንብ ስለመሰለች ማር ሥሪ አይሏትም። አንጓችን ግን አሏት። ገበያ ስትሄድ ሴቶች ጉልበቷን ይስማሉ። የታመመ ልጅ ያመጡና ጸሎት ያዙልን ይሏታል። አንዱ ሕፃን ተሽሎት እናቱ ልታመሰግናት ስትመጣ አንጓች በፍርሃት ሌሊቱን ሙሉ ስትሰግድ አደረች። እግዜር እንዳይቀየማት የመነኮሳትን ጾም ትጾማለች፣ የመነኮሳትን ሰዓት ትጸልያለች። ለማስመሰል የጀመረችውን ከእውነተኞቹ አብልጣ ትሠራው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ፈንቴ ቀፎዎቹን ሊያይ መጣ። አንጓችን ከሩቅ ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና «እማሆይ፣ ይባርኩኝ» አላት።

አንጓች ልቧ በደስታ ዘለለ። ገብቶታል፣ አብሮኝ እየተጫወተ ነው አለች። ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዝ አድርጋ «ይባርክህ ልጄ» አለችው። ልብ በሉ፣ በዕድሜ ይበልጣታል። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ይኸው ሆነ፤ እማሆይ ይባርኩኝ፣ ይባርክህ ልጄ። እሱ ከሄደ በኋላ ቤቷ ገብታ ብቻዋን ትስቃለች። ክረምቱን በሙሉ በዚህ ጨዋታ ደስ ብሏት ከረመች። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያሳዝነኝ ያ የክረምቱ ደስታዋ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ፈንቴ ማሯን አምጥቶ ከደጅ አስቀመጠ። እንደ ወትሮው ግን አልሄደም። ጋቢውን ይጠቀልላል፣ ይፈታል። አንጓች ቀኑ ደረሰ ብላ የበሩን መቃን ተደገፈች።

«እማሆይ፣» አላት፣ «እናቴ አርጅታለች። ከወገኖቻችን ዘንድ አንዲት ልጅ አጭታልኛለች፤ ለጥር ነው። አንቱ ሳይባርኩኝ ግን ደስ አይለኝም።»

አንጓች እስኪስቅ ጠበቀች። ሳቁን ከዓይኑ ፈለገች፣ ከከንፈሩ ጥግ ፈለገች። የለም። ፈንቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። እጇን ራሱ ላይ አኖረችና «ይባርክህ ልጄ፤ ልጅ ወልደህ ሳም» አለችው። የፈንቴን ራስ የነካችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የአንጓች ግን ሲሮጡ ታጥቀውት ባለበት ተቋጥሮ ቀረ። ከሠርጉ በኋላ ለነፍስ አባቷ ሄዳ ሁሉንም ተናዘዘች። አባም «ልጄ፣ ያለ ጸሎት የደፋሽውን ወይ በጸሎት አውልቂው፣ ወይ በጸሎት ድፊው» አሏት። ይህን ስትነግረኝ እኔም የምታወልቀው መስሎኝ ነበር፤ ገና ወጣት ናት፤ ማንስ ይፈርድባታል? እሷ ግን መሬት መሬቱን እያየች «ለማን ብዬ ላውልቀው?» አለችኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። በዚያው ዓመት ወደ ገዳሙ ተመልሳ፣ ጸሎቱ ተደግሞላት፣ እውነተኛ መነኩሲት ሆነች። ስሟም ተለወጠ፤ ኋላ ተመልሳ በቀበሌዋ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መኖር ጀመረች።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደዚያው ቀበሌ ሄጄ ፈንቴን ከዋንዛዋ ሥር አገኘሁት። አሁን ልጅ ወልዷል። ሚስቱ መልካም ሴት ናት፤ ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም። ኑጉ አብቧል፤ ያቺ ዝንብም ከአበባው በላይ በአየር ላይ ቆማለች። ነገር ፍለጋ ሳይሆን እንዲያው ምላሴን በልቶኝ «ንብ አለመሆኗን በምን ታውቃለህ?» አልኩት።

«እጄን ሰድጄ እይዛታለሁ።»

«ንብ ብትሆንስ?»

«ብትሆን ትነድፈኛለች። ያብጣል፣ ይጎድላል።» ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አየ። «እጅ የማይሰደድበትም አለ፣ መምህር። ያን ጊዜ እኔም ከፋሲካ በኋላ የምልካቸው ሽማግሌዎች ነበሩኝ። ለነሱ ብዬ ነጭ ማር አስቀምጬ ነበር። የሆሳዕና ለት በቢጫው አየኋት። አንድ ልቤ፣ ይቺ ልጅ ዝንቧን አስታውሳ ይሆን አለኝ። አንድ ልቤ፣ እውነት ቢሆንስ አለኝ። ንብ ብትሆን የምትነድፈው እኔን ነው። ቆቡ እውነት ቢሆን ግን እሷን ከእግዜር ላጣላት ነው። ኋላ ደሞ ይባርኩኝ ስላት ፊቷ ሁሉ ይስቅ ነበር። ደስ ብሏታል አልኩ። ማሩን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት።»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ ምሳውን ይዛ በወሰኑ ስትመጣ አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የእኛ ሰዎች። እኔ ግን የነቀዘ ዝምታ አይቻለሁ፤ ሁለቱም አንዳቸው ለሌላው አዝነው ዝም ያሉት ዝምታ። የእኔ ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረበት፤ አሁን ቢነገር የሚጎዳው ብዙ ነውና ይቀመጥ። አንጓችም ፈንቴም የሚሉት ስም እኔ ያለበስኋቸው ነው፤ ማልበስ እኔም ተምሬያለሁ።

ፈንቴ አሁንም ማር በቆረጠ ቁጥር ሰሙን ለይቶ ለቤተ ክርስቲያን ይወስዳል። የምትቀበለው እሷ ናት። ሰሙን አቅልጣ፣ የጥጥ ክር እየነከረች ጧፍ ትሠራበታለች፤ እሑድ ጧት ምእመናኑ ያንን ያበሩታል። ሲያስረክባት እማሆይ ይባርኩኝ ይላታል፤ ይባርክህ ልጄ ትለዋለች። ከዚያ ክረምት ወዲህ አንድም ቃል አልተለወጠም፤ ልዩነቱ አሁን የሚጫወት የለም።

ለተማሪዬ መልስ ቃል ገብቼ ነበርና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መለስኩላት። «ቀርቦ ነው የሚያውቃት» አልኳት። «ሌላው ቀለሟን ከሩቅ አይቶ ይሄዳል፤ ወንዷ ግን ይቀርባታል።» ቁልጭ አድርጋ ጻፈችው። እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ ደግሞ «ለመቅረብ ከፈራስ መምህር?» አለችኝ።

ያኔማ ዝንቢቱ ንብ ሆና ትቀራለች ልላት ነበር። ለፈተና ይመጣል ብላ እንዳትጽፈው ፈርቼ ተውኩት።